ፍሬን የበጠሰው ማን ነው?

ጂንካ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ለኢየሩስ ተስፋሁን
ጎተንበርግ፣ ስዊድን

የአባትሽን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። አንቺንም በዚያ ብርድ አገር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ እጅሽን ከብረትና ከእሳት ይሰውርልሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው አካሌ ለዕድሜዬ ታዛዥ ነው። የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። በአውቶቡሱ ሥር ተኝተሽ እግርሽ ብቻ ስለሚታይ ለጎረቤት ባሳየሁ ቁጥር «የማን እግር ነው?» እየተባልኩ ተቸግሬአለሁ። በሚቀጥለው ፊትሽ ይኑርበት።

ዛሬ የምጽፍልሽ በመካኒክነት ሙያሽ ልጠይቅሽ ነው። ጎሳዬን ታስታውሺዋለሽ፤ ከአጥራችን ጀርባ ያሉት የአሪ ጎረቤቶቻችን ልጅ፣ እኔ ፊደል ያስቆጠርኩት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ፒካፗን የሚነዳልኝ እርሱ ነበር። ለወይጦና ለኦሞራቴ ነጋዴዎች ጨውና ሳሙና ያደርስልኛል። በጥቅምት መጨረሻ ጨው ጭኖ ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናዋን በተራራው በኩል ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አላተማት። እርሱ ትከሻውን ተጎዳ። ጨው መንገዱ ላይ ፈስሶ የመንደሩ ፍየሎች ሠርግ አደረጉ።

ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው «እትዬ፣ ፍሬን በጠሰብኝ» አለ።

በማግሥቱ መካኒኩን ደገፋን ላክሁ። ደገፋ እጁ ቆሻሻ ቢሆንም ዐይኑ ንጹሕ ሰው ነው። ቱቦው ሙሉ ነው፣ ዘይቱ አልፈሰሰም፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ጠጣር ነው አለኝ። መኪናዋንም ራሱ እየነዳ ጂንካ አስገባት። እንግዲህ ፍርድ ስጪ። «በጠሰ» ተሻጋሪ ግስ ነው፤ ባለቤትና ተሳቢ ይፈልጋል። ማን ምኑን በጠሰ? ተበጠሰ ለማለት ፈልጎ ከሆነም የተበጠሰውን ነገር ያሳየኝ። ጠየቅሁት፤ ማሳየት አልቻለም። እንቅልፍ ይዞህ እንደሆነ ንገረኝ፣ እንቅልፍ ሰውን ሁሉ ይይዛል አልኩት። «ፍሬን ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ አደጋን እታገሣለሁ፤ ሐሰትን ግን በቤቴ አሳድሬ አላውቅም። ጎረቤት በተሰበሰበበት ቁልፉን አስቀምጥ አልኩት፤ አስቀምጦ ወጣ።

ችግሩ እዚህ ነው። የኦሞራቴ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በሹፌርነት ሊቀጥረው ፈልጎ ከቀድሞ አሠሪው የሥራ ምስክር ወረቀት አምጣ ብሎታል። ወረቀቱ ላይ ስለ ጠባዩ መጻፍ አለብኝ። ሐቀኛ ነው ብዬ ያላመንኩበትን አልፈርምም። ሐሰተኛ ነው ብዬ ብጽፍ ደግሞ የትም አይቀጠርም። እስከ መጋቢት መጨረሻ ይጠብቁታል።

ስለዚህ በጽሑፍ መልሽልኝ። የተበጠሰ ፍሬን በማግሥቱ በራሱ ይቀጠላል ወይ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ከባለሙያ እጅ ይሁንልኝ። ስልክ አትደውዪ፤ በስልክ የተባለ ነገር እንደ ተናጋሪው ይለዋወጣል።

የምትወድሽ አክስትሽ
አስካለ ወልደ ጊዮርጊስ


ጎተንበርግ፣ ታህሳስ 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አስካለ

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሄር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ጀንበር ሳትወጣ ወደ ስራ ገብቼ ከገባች በኋላ ነው የምወጣው፤ የርስዎ ደብዳቤ የመጣ ቀን ግን በጋራዡ ውስጥ ፀሃይ ወጣች። ሻይ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ የስራ ባልደረቦቼ ምን ሆነች አሉ። የፍየሎቹን ሰርግ ተርጉሜ ነገርኳቸው።

እትዬ፣ የሚጠብቁትን መልስ ወዲያው ልሰጥዎት አልቻልኩም። አባዬ ሹፌር በነበረ ጊዜ እንደሰማሁት «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው ለሁሉም ነገር ነው። ቱቦ ሲቀደድም፣ ላስቲኩ ሲያረጅም፣ ዘይቱ ሲጎድልም ያው በጠሰ ነው። «ሆዴን አመመኝ» እንደማለት ነው። ሀኪም ደግሞ ሆድህ የታለ አሳየኝ ብሎ በሽተኛ አያባርርም።

እዚህ ፍሬኑ እምቢ ያለ አውቶቡስ ሲመጣ፣ ብረቱን ከመንካታችን በፊት የምንጠይቀው ሹፌሩን ነው። እግሩ ምን ተሰማው? ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ አልወርድም አለ ወይስ ለስልሶ ወለሉ ድረስ ሰመጠ? ሲሰምጥ ደጋግሞ ሲረግጠው ምን ሆነ? መኪናዋ ቆማ ከቆየች በኋላስ? እባክዎ ጎሳዬን እነዚህን ይጠይቁልኝ። ከመኪናዋ በኩል ደግሞ ሸራው ምን ያህል ቀርቶታል? የፍሬን ዘይቱስ ከየት ይገዛል፣ በምን ይቀዳል፣ ማን ይጨምረዋል?

ጥያቄ አበዛሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ተማሪዎ ስለነበርኩ ከርስዎ የተማርኩት መጠየቅ ነው።

እጅዎን የምትስም
ኢየሩስ


ጂንካ፣ ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለኢየሩስ

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል፤ የከርሞ ሰው ይበለን፤ አንቺንም በዓሉን ከወገን ጋር የምትውዪበት ዘመን ያምጣልሽ። ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ፊደልሽ ግን አሳዝኖኛል። «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው። «ሐኪም» በሐመሩ ሐ ነው። የታኅሣሥን ወር ምን በድሎሽ እንደዚያ እንዳቆራረጥሽው አላውቅም። ደብዳቤሽን አርሜ አስቀምጬልሻለሁ፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ወደ ጥያቄሽ። ጎሳዬን እኔ ራሴ አልጠየቅሁትም፤ አንነጋገርም። ደገፋን ልኬ ያስጠየቅሁትን ቃሉን ሳልለውጥ እጽፍልሻለሁ። «ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ስረግጠው ጭቃ የረገጥኩ መሰለኝ። ስደግመው ወለሉን ነካ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ በገደሉ በኩል ከመሄድ ብዬ ወደ ተራራው አዞርኳት። ፀሐይ አዘቅዝቃ ስሞክረው እንደ ድሮው ጠጠረ።» ይህ ነው ቃሉ። የጠጠረ ነገር ተበጥሶ ነበር ማለት ነው? እኔስ የምለው ይህንኑ አይደለም ወይ? ደገፋ ደግሞ ሳልጠይቀው ሌላ መልእክት አመጣ። ጎሳዬ «ለምን ራሳቸው አይጠይቁኝም? ቤቴ እኮ ከአጥራቸው ጀርባ ነው» ብሏል። መልስ አልላክሁም።

ስለ ሸራው መጠየቅሽ ደንቆኛል፤ ከተጠየቅሁ ግን እመልሳለሁ። ሸራው አዲስ ነው። አምና አርባ ምንጭ ያሰፋሁት ነው፤ ዝናብ ጠብ አያደርግም። በአንድ ጥጉ ብቻ አይጥ በልቶት እኔው ጠቅሜዋለሁ። ጨውን ከዝናብ ያድናል እንጂ መኪና ያቆማል ሲባል የሰማሁት ካንቺ ነው።

የፍሬን ዘይቱን በተመለከተ ከእኔ ቤት የተሻለ አያያዝ በከተማው የለም ብል ውሸት አይሆንም። ዘይቱ የሚገዛው ከዙህራ ሱቅ ነው። እርሷ ከትልቅ ቆርቆሮ እየቀዳች በችርቻሮ ትሸጣለች፤ ዕቃ ይዞ መሄድ የገዢው ፈንታ ነው። ሌላው ሰው ጥቀርሻ የመሰለ ሃይላንድ ይዞላት ይሄዳል። እኔ ግን ሃይላንዱን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቄ፣ ወዲያው ከድኜ አቧራ ሳይገባበት እልካለሁ። በየጊዜው እንዲሁ ነው። ጎሳዬ ራሱ «እትዬ፣ የእርስዎ መኪና ከእኛ የተሻለ ይጠጣል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ለልብስ መግዣ የላክሽውን ገንዘብ በመልካም ልብ ተቀብያለሁ፤ ዳግመኛ ግን አትላኪ። የጠየቅሁሽ መልስ ነው።

አክስትሽ አስካለ


ጂንካ፣ የካቲት 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ኢየሩስ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስሽ አልመጣም። ታመሽ ይሆን ብዬ ሠግቻለሁ፤ ስለ ፊደልሽ የተናገርኩት ከፍቶሽ ከሆነም ተዪው፣ እንደፈለግሽ ጻፊ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ትናንት የጎሳዬ እናት አጥሩ ላይ አግኝታኝ ሰላም አለችኝ። ልጇ ማክሰኞ ማክሰኞ አልዱባ ገበያ እየወረደ ለነጋዴ ጆንያ እንደሚሸከም ነገረችኝ። በየትኛው ትከሻው ብዬ ጠየቅኋት። «ሁለት ነው ያለው፣ በሁለቱም» አለችኝ። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት እየገባ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ስሙንና የተቀጠረበትን ቀን ጽፌ አቁሜአለሁ። ትክክለኛ ከሆንኩ ትክክለኛ መሆኔን፣ ከተሳሳትኩም መሳሳቴን በቶሎ ንገሪኝ።

አስካለ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አስካለ

ሰላምታዬ ከልብ ነው። ዘግይቻለሁ። ሥራ በዛብኝ ብል ሐሰት ይሆናል። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ እተወው ስለነበር ነው። (ሠ እና ሐ ልክ ናቸው?)

መጀመሪያ ስለ ሸራው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሹፌሮች ሸራ የሚሉት በጎማው ውስጥ ታምቡር የሚባለውን ክብ ብረት ከውስጥ እየተጫነ መኪናዋን የሚያቆመውን ሻካራ ልባስ ነው። እርስዎ የጠቀሙትን ሸራ ግን ለጋራዡ ሰው ሁሉ ተርኬዋለሁ፤ አለቃዬ ስትመጣ የኛንም ትጥቀምልን ብሏል።

አሁን ቁም ነገሩ። እትዬ፣ ጎሳዬ አልዋሸም። ሰው ፈጥሮ ሊያወራው የማይችለውን ነገር ነው የነገረዎት። ከላይ ጠጣር፣ ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ጭቃ፣ ከዚያ ባዶ፣ ሲቀዘቅዝ ጠጣር። ይህ ስም ያለው በሽታ ነው፤ ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ኃይሉን እስከ ጎማው ተሸክሞ የሚሄደው ዘይቱ ነው። ዘይት ቢጫኑት አይታመቅም፤ ስለዚህ እግር የሰጠውን ሁሉ ያደርሳል። በረጅም ቁልቁለት፣ ያውም ጨው ተጭኖ፣ ታምቡሩ ይግላል፤ ግለቱ ወደ ዘይቱ ይዘልቃል። ንጹህ ዘይት ይችለዋል። ውሃ የገባበት ዘይት ግን ቶሎ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ትራስ ነው፤ እግር ሲጫነው ይታመቃል እንጂ ምንም አያደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠጥራል። ለዚህ ነው ደገፋ በማግስቱ ምንም ያላገኘው። ደገፋም አልተሳሳተም።

የሚደረገው ይህ ነው። አሮጌው ዘይት በሙሉ ይውጣ። አዲስ የሚገባው ክዳኑ ያልተከፈተ ትንሽ ቆርቆሮ ይሁን። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው በጎማው በኩል ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ አድርጎ አየሩን ያስወጣ፤ ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከፔዳሉ አይነሳ። ከመሪው በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመር። አረፋ መውጣቱ እስኪያበቃ ይደጋገም። ዘይቱ የሚነካው እቃ ሁሉ ደረቅ ይሁን፤ ፈጽሞ ደረቅ። ታምቡሩ ሲከፈት ሸራውንም (የኔን ሸራ) ደገፋ ይየው።

ውሃው ከየት እንደገባ ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ክዳኑ የሚከፈት ቆርቆሮ ከአየር ላይም እርጥበት ይጠጣል። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ዋናው መዳኗ ነው።

እወድዎታለሁ።
ኢየሩስ


ጂንካ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ

ጨለማ ገብተሽ ጨለማ የምትወጪበት ክረምት አልፎ ብርሃን ይምጣልሽ፤ ቃልሽ እንደ ቀና እጅሽም ይቅና።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። «ደረቅ» ብለሽ ጽፈሽ ተመልሰሽ «ፈጽሞ ደረቅ» አልሽ። «ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም» አልሽ። ለምን ስትጀምሪ ስትተዪው እንደቆየሽ ገባኝ። ልጅ ሆነሽም ጥፋትሽን ስትደብቂ እንዲህ ነበር ዐይንሽን ጣራ ላይ የምትሰቅዪው፤ አሁን ደግሞ የሰው ጥፋት ትደብቂያለሽ።

ቢሆንም ሳላረጋግጥ አላምንምና ዙህራ ሱቅ ሄድኩ። ቆርቆሮሽ ውሃ ገብቶበታል ወይ አልኳት። አልተቆጣችም። ከዚያ ቆርቆሮ የጂንካ ሹፌር ግማሹ እንደሚገዛ፣ በዚያው ቁልቁለት ሲወርዱ የማንም ፔዳል እንዳልሰመጠ ነገረችኝ። ታዲያ የእኔ ለምን ብላት ሣቀች። «እትዬ አስካለ፣ ሌላው እኮ ሃይላንዱን አያጥብም። ዘይት እንደለበሰ ነው ይዞ የሚመጣው። የእርስዎ ብቻ ነው እንደ ሕፃን ታጥቦ የሚመጣ።»

ደገፋ አሮጌውን ዘይት ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከእርሱ ጥቂት፣ ክዳኑ ካልተከፈተው ጥቂት በሁለት ጣሳ አድርጎ ውጭ ፍም ላይ ጣዳቸው። አሮጌው ወዲያው ተንጫጫ፤ አዲሱ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደገፋ ጣሳዎቹን አወረደ። የታምቡሩ ሸራም ገና ብዙ ይሄዳል፤ ይህን ያልኩሽ ሙሉ ዜና እንዲደርስሽ ነው።

በነጋታው ማክሰኞ ነበር። ደገፋ አልዱባ አደረሰኝ። ገበያው መሐል ጎሳዬን የማሽላ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት። አውርደው አልኩት፤ አወረደ። ተሸካሚዎቹም ገበያተኛውም ዙሪያችንን ከበቡ። ሌላ ሥፍራ ልጥራው ብዬ ነበር፤ ያባረርኩት በሰው ፊት ስለሆነ ተውኩት።

«አልዋሸህም» አልኩት።

«ምኑ በጠሰ ታዲያ፣ እትዬ?»

«ምንም አልበጠሰም። ዘይቱ ፈልቶ ነው። ውሃ ያስገባሁበት እኔ ነኝ፤ ሃይላንዱን ሳጥብ።»

«ያን ጊዜ መጥቼ ‹ፍሬን ፈላብኝ› ብልዎት ኖሮ ያምኑኝ ነበር?»

«አላምንህም ነበር።»

መጀመሪያ የሣቀው እርሱ ነው። ከዚያ ተሸካሚዎቹ ሣቁ፤ አንዱ ለሌላው በሐመርኛ እየነገረው ሣቁ ገበያውን ዞረ። እኔም መሣቅ ይገባኝ ይሆናል። አልሣቅሁም፤ ትከሻውን እያየሁ ነበር።

የምስክር ወረቀቱን እዚያው ሰጠሁት። ሐቀኛ ነው፣ ጥንቁቅ ነው፣ አደጋ ሲደርስ የሰው ነፍስ የማያጠፋውን አቅጣጫ ይመርጣል ብዬ ጽፌአለሁ። ከሥራ የተሰናበተበት ምክንያት በሚለው ሥር «አሠሪዋ በፈጸመችው ስሕተት» ብዬአለሁ። ቀስ ብሎ አነበበው።

«እትዬ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። የኦሞራቴ ሰዎች ይሥቁብዎታል።»

«ይሣቁ። እውነቱ ነው?»

«እውነቱስ እውነት ነው።»

«እንግዲያው ይዘኸው ሂድ።»

የመኪናዋን ቁልፍ በቦርሳዬ ይዤ ነበር የሄድኩት። አላወጣሁትም። ወረዳው ደመወዝም ጡረታም አለው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን አውቃለሁ። እርሱም አልጠየቀኝ። ለአንቺ ግን ይዤው መሄዴን ልነግርሽ ወደድኩ።

ኦሞራቴዎች ተቀበሉት። ሊሄድ ሲል ቅዳሜ ማለዳ በራችንን አንኳኳ። ፒካፗ ከዳነች ወዲህ በዚያ ቁልቁለት ተጭና አልወረደችም፣ ለሚመጣው ሹፌር ሳላስረክባት ልሞክራት አለ። እኔም እሄዳለሁ አልኩት። ጨው ጫንን፤ ከፊት ተቀመጥኩ። በዚያ መንገድ ከኋላው ወንበር እንጂ ከፊት ተቀምጬ ወርጄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ መጽሐፍ ይዤ ነበር የምወርደው። ከቀይ አፈር እንደ ወጣን ማርሹን ዝቅ አደረገ። መኪናዋ ታጉረመርማለች፤ እርሱ ግን እግሩን ፍሬኑ ላይ ጣል አድርጎ ያነሣል፣ ጣል አድርጎ ያነሣል፣ አንድ ጊዜም አይጫናትም። ጭቃ ረገጥኩ ባለበት ቦታ ስንደርስ አልነገረኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጠባሳ ነገረኝ። ከማዶው ገደሉን አየሁት። ፔዳሉ ጠጣር ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ታች ወይጦ ደርሰን ከጥላ ሥር አቆማትና ወረደ። በየጎማው እየዞረ እጁን ያስጠጋል። እንደዚህ የሚያደርገው ዛሬ ብቻ ነው ወይ አልኩት። ሁልጊዜ ነው፣ ታች ሲደርስ ሳያያቸው እንደማይሄድ ነገረኝ። እኔም ወረድኩ። «አይንኩት፤ እጅዎን ያስጠጉ ብቻ» አለኝ።

እጄን አስጠጋሁ። ከስንዝር ላይ ይፋጃል። ይህን ሁሉ ግለት ያ ልጅ በእግሩ ይዞ፣ እኔ ከኋላ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ በሰላም ስንወርድ ኖረናል።

አክስትሽ
አስካለ ወልደ ጊዮርጊስ